ከደዌ የዳነ ሰው ደም ለሌላው መድኃኒት ስለ መሆኑ

በፈንጣጣ ታሞ የዳነ ሰው ሌላውን በሽተኛ ያለ ፍርሃት ያስታምም እንደ ነበረ ከአባቶቻችን የሰማነው ነው። ያ ደዌ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ እንደማይደፍረው አስተውለው ነበርና። ምክንያቱን የገለጠው ግን የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ነው፤ አንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት የገባውን ጠላት ለይተው የሚይዙ ጥቃቅን ዘቦች ይሠራሉ። ሐኪሞች እነዚህን ዘቦች ፀረ እንግዳ አካል ይሏቸዋል።

ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1976 ዛሬ ኮንጎ በምትባለው በዛይር፥ ያምቡኩ በምትባል መንደር ያልታወቀ ደዌ ተነሣ፤ በኋላ ኤቦላ ተባለ። ወደ ስፍራው ቀድመው ከደረሱት ሐኪሞች አንዱ የአገሩ ተወላጅ ዶክተር ዣን ዣክ ሙየምቤ ነበሩ። በ1995 ደዌው በኪክዊት ከተማ ሲነሣ መድኃኒት ስላልነበረ፥ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከዳኑ ሰዎች ደም ወስደው ለስምንት በሽተኞች ሰጡ፤ ሰባቱ ዳኑ። የውጭ አገር ሊቃውንት ግን፥ ደሙ ካልተሰጣቸው በሽተኞች ጋራ ስላልተነጻጸሩ፥ ይህን እንደ ማስረጃ አልተቀበሉትም። ጥያቄያቸው አግባብ ነበረው፤ ሆኖም አሳቡ ያን ያህል ዘመን ተኝቶ መቆየቱ ያሳዝናል።

ደምን እንዳለ መስጠት ችግር አለበት፤ ዓይነቱ ካልተስማማ ይጎዳል፥ ሌላ በሽታም ሊያስተላልፍ ይችላል። ከዘቦቹ አንዱን ብቻ ለይቶ የማብዛትን መንገድ በ1975 በካምብሪጅ የከፈቱት ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ናቸው። ዘብ የሚሠራውን የአይጥ ሕዋስ፥ ሳያቋርጥ ከሚባዛ የነቀርሳ ሕዋስ ጋራ አዋሐዱት፤ የተገኘው ሕዋስ የአንዱን ሙያ የሌላውን ዕድሜ ወረሰ። ክፉው ነቀርሳ ለፈውስ ማገልገሉ እኔን ዘወትር ያስደንቀኛል። ከአንድ ሕዋስ ዘር የሚገኝ ስለ ሆነ ሞኖክሎናል ይባላል። ዛሬ ለጡት ነቀርሳና ለመገጣጠሚያ ሕመም ጭምር የዚህ ወገን መድኃኒቶች አሉ።

በኪክዊት ከዳኑት አንዱ፥ ከታመመ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ደሙን ለምርምር ሰጠ፤ ዘቡን የሚሠሩት ሕዋሳት ገና በደሙ ውስጥ ነበሩ። ተመራማሪዎች ከዚያ አንዱን መርጠው ኤምኤቢ 114 የተባለውን መድኃኒት አወጡ። በ2018 በምሥራቅ ኮንጎ ኤቦላ ሲነሣ በ681 በሽተኞች ላይ አራት መድኃኒቶች ተነጻጸሩ። በዚህኛው ከታከሙት ከመቶው 35 ያህሉ ሞቱ፤ በሌላው፥ ሬምዴሲቪር በተባለው፥ ከታከሙት ግን ከግማሽ በላይ። ቫይረሱ በደማቸው ገና ሳይበዛ ኤምኤቢ 114 ከተሰጣቸው መካከል ከአሥሩ ዘጠኝ ያህል ዳኑ። በታኅሣሥ 2020 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቀደው። የሚያገለግለው ግን ለዛይሩ ዓይነት ኤቦላ ብቻ ነው፤ በ2022 በኡጋንዳ ለተነሣው ለሱዳኑ ዓይነት አይሆንም።

መድኃኒቱ ቢገኝም ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ሕክምናው ጣቢያ የገባ አይወጣም ብለው በሽተኛቸውን ሸሸጉ፤ ዘግይተው ያመጡትም መድኃኒቱ ብዙ አልረዳቸውም። በዚያው ወራት በቤኒና በቡቴምቦ ከደዌው የዳኑ ሴቶች፥ እናቶቻቸው ታመው የተኙባቸውን ሕፃናት ተቀብለው ያቅፉና ይንከባከቡ ነበር፤ ሌላው ሰው ሊነካቸው ይፈራ ነበርና።