ስፓኒሽ ለአንኮበር ልጅ
የውጭ ቋንቋን ከልጁ ቤት ስለ መጀመር

«ስፓኒሽ ለአንኮበር ልጅ? ምን ሊሠራለት!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሚሰጠው የውጭ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንጂ ስፓኒሽ አይደለም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ስፓኒሽን የተማሩበት ታሪክ አለን። ከዚያ ታሪክና ከቋንቋው ጠባይ ለእኛ ለዕጩ መምህራን የሚሆን ቁም ነገር ስለሚገኝ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ያረፉት «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው የኩባ ደሴት ነበር። ከትምህርት ቤቶቻቸው አንዱ «ካራማራ» ይባል ነበር። ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን በፍራፍሬ እርሻ ይሠራሉ። ገና የአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ላይ የነበሩም ነበሩባቸው። ታዲያ ስፓኒሹን የተማሩት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ አልነበረም። ውሃ ሲጠይቁ፣ ምግብ ሲቀበሉ፣ ሲጫወቱ፣ ሲታመሙ ሁሉ ያስፈልጋቸው ነበር። ዛሬም ከእነዚያ ልጆች መካከል ሲገናኙ በስፓኒሽ የሚጨዋወቱ አሉ። በሌላ በኩል ከአገር ቤት የሄዱ መምህራን አማርኛና የአገራቸውን ታሪክ ያስተምሯቸው ነበር። ይኸውም አዲሱ ቋንቋ ሲገባ የቤቱ እንዳይወጣ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። የስፓኒሽ አናባቢዎች አምስት ብቻ ናቸው፦ አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉንም ያውቃቸዋል። እንግሊዞች የሚቸገሩበትን የ«ኘ» ድምፅ የእኛ ልጅ ከእናቱ ጋር ተምሮታል፤ «ኒኞ» (ልጅ)፣ «አኞ» (ዓመት)፣ «ማኛና» (ነገ) ለማለት ምንም አያንቀውም። «አጓ» (ውሃ) እና «ኳትሮ» (አራት) የሚሉትን ለመጻፍም ጓ እና ኳ ከፊደላችን ውስጥ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።

ማጥበቅና ማላላትም አለ። በእኛ «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። በስፓኒሽም «ፔሮ» ረው ሲላላ «ግን» ማለት ሲሆን፣ ረው ጠብቆ ሲንቀጠቀጥ «ውሻ» ይሆናል። ይህን ለልጅ ለማስረዳት «ገና» የምትለው አንዲት ቃል ትበቃለች። የሚያስቸግረው «ፐ» ነው። ፖሊስን «ቦሊስ» የሚል ልጅ ሲያጋጥም መሳቅ ሳይሆን ደጋግሞ ማሰማት ያስፈልጋል።

አክብሮትስ? እንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ቃል ነው ያለው። የሸዋ ልጅ ግን ትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል ተብሎ ነው ያደገው። ስፓኒሽም «ቱ» ብሎ እኩያን፣ «ኡስቴድ» ብሎ የሚከበረውን ይጠራል። ባህሉንም ከዚሁ ጋር ማስተማር ይቻላል። በስፔንና ስፓኒሽ በሚነገርባቸው በርካታ አገሮች ልጆች ለሰብአ ሰገል በዓል ጫማቸውን አውጥተው ያድራሉ፤ ጠዋት ስጦታ ያገኙበታል። በዓሉ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል፤ የገናችን ዋዜማ ማለት ነው። እንግዲህ መምህሩ ትምህርቱን ከገና ጨዋታና ልጁ በቤተ ክርስቲያን ከሰማው ከሰብአ ሰገል ታሪክ ቢጀምር፣ የሩቁ ባህል ቅርብ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስፓኒሽ ይሰጥ ለማለት አይደለም። በማስተማር ልምምድ ጊዜ በገጠር አንድ ክፍል ገብቼ እንግሊዝኛ አስተምሬ ነበር። ልጆቹን «ሃው አር ዩ?» ስላቸው «አይ አም ፋይን፣ ቲቸር!» ብለው ክፍሉን አናወጡት። እኔም ደስ አለኝ። ቀጥዬ አንዱን ልጅ «ዌር ኢዝ ዩር ቡክ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ «አይ አም ፋይን፣ ቲቸር!» አለኝ። ልጆቹ ሳቁበት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እስከ ደወሉ ድረስ እጁን አላወጣም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ድምፅ አስጠናሁት እንጂ ቋንቋ አላስተማርኩትም።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ከቤተሰቡ ጋር የሚወርድ ልጅ የሌላውን ሰው ቋንቋ ጥቂትም ቢሆን ይለቅማል፤ ስንት ነው፣ ቀንስ፣ ውሰድ ማለት ያስፈልገዋልና። የጎደለው የእኛ አቀራረብ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ልምምድ የሚከተለውን ብንሞክርስ?

አንደኛ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ አንንካ። «ተነሥ፣ ተቀመጥ፣ በሩን ክፈት» የሚለውን በአዲሱ ቋንቋ እየተናገርን ራሳችን እንሥራው፤ ልጆቹም አይተው ይሥሩ። ለመናገር አናስቸኩላቸው።

ሁለተኛ፣ ክፍሉን ገበያ እናድርገው። ድንቹ፣ ባቄላው፣ እንቁላሉ ከቤት ይምጣ፤ ገዥና ሻጭ ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ አዲሱን ድምፅ ከአማርኛው ጋር እናስተያየው። የትኛው አለን፣ የትኛው የለንም? ልጁ ራሱ ይናገር።

አራተኛ፣ ጥያቄያችንን እየለዋወጥን እንጠይቅ። መልሱ በቃል የተጠና መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ያ ልጅ ዛሬም ክፍል ውስጥ አለ። አንገቱን የሚያቀናው፣ መምህሩ «ምን ታውቃለህ?» ብሎ ከእርሱ ሲጀምር ነው። ዕጩ መምህራን ጓደኞቼ፣ የከበዱን መምህራኖቻችንም፣ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የሞከራችሁ ካላችሁ እዚሁ ግድግዳ ላይ ጻፉልን።