የከተማ ዳር መሬት ለማን ይተርፋል?
በአዲስ አበባ ዳር ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ባለሀብት የሚሻማው ከቤቱ ይልቅ ቦታውን ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ስለሆኑ ባለሀብቱ ቦታ የሚይዘው በሊዝ ነው። ለዚህ ሲባል ከመሬቱ ለሚነሣው ገበሬ ካሳው በምርቱ ይሰላል፦ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ የአማካይ ዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ፣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ካለፉት ሦስት ዓመታት የከፍተኛው ዓመታዊ ገቢው 15 እጥፍ። መሬቱ ከተማ ሲሆን የሚንረው ዋጋ ግን ለሌላው ይተርፋል፤ ትልቁ የፍትሕ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ኪራይ የሸሸ ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ደግሞ ከገበሬ በመንደር ውል ገዝቶ በጭቃና በቆርቆሮ ያለ ፈቃድ ጨረቃ ቤት ይቀልሳል። በ2015 ዓ.ም. ከተሞቹ በሸገር ከተማ ሲጠቃለሉ እንዲህ ያሉ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ባለቤቶቻቸውም ቤት ፍለጋ ወደ ደላላ ተመለሱ።