የደም ሥር በቆዳ ላይ ጐልቶ የሚታየው ስለ ምንድን ነው?



ከአሰበ ተፈሪ፥ ዛሬ ጭሮ ከምትባለው ከተማ፥ ተነሥቶ ወደ ሚኤሶ የሚወርድ መንገደኛ ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ያህል ቆላ ሲደርስ፥ የእጁን ጀርባ ቢመለከት ጠዋት ያልነበሩ የሚመስሉ የደም ሥሮች ተነሥተው ያገኛቸዋል። ነገሩ ሕመም አይደለም። ሰውነት ሙቀቱን ለማስወጣት ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚልክ ሥሮቹ ሰፍተው ይሞላሉ፤ ወደ ደጋው ብርድ ሲመለስም ይኰማተራሉ።

ደምን ከልብ የሚያወጣው ሥር ደም ቅዳ፥ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ ይባላል። ጐልቶ የሚታየን ሁለተኛው ነው፤ ግድግዳው ስስ፥ ግፊቱም አነስተኛ ነውና። ማረጋገጥ የሚወድ ሰው እጁን ከራሱ በላይ ያንሣ፤ ያበጡት ሥሮች ወዲያው ይሟሽሻሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1628 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክዳኖች ደሙን ወደ ልብ ብቻ እንደሚያሳልፉት ክንድን በማሰር አስረድቷል።

ብዙ ሰው ግን ሥሩ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስሎ ሲታየው «ደሜ ተበላሽቷል» ብሎ ለመታገም ይሮጣል። ይህ በከንቱ መድማት ነው። በሥሩ ውስጥ ያለው ደም ጠቈር ያለ ቀይ ነው፤ ነገር ግን ቀዩን ብርሃን ደሙ በብዛት ስለሚያስቀረው፥ ከቆዳው ወደ ዐይናችን የሚመለሰው ወደ ሰማያዊ ያደላል። የከሳ፥ ያረጀ ወይም ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ሥሩ ቢጐላም ይህ ብቻውን አያሠጋም።

የእግር ነገር ግን ይለያል። ቆሞ የሚያስተምር መምህር፥ ነፍሰ ጡር ሴት፥ ከወላጆቹም የወረሰው ሰው፥ የሥሮቹ ክዳን ሲላላ ደሙ ወደ ታች ይመለስና ሥሩ እንደ ገመድ ይጠማዘዛል። የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደሙን ወደ ላይ ይገፋልና፥ ከወንበር እየተነሡ መራመድ (የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ይስማ)፥ ማታም እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል።

አንደኛው እግር ብቻ በድንገት ቢያብጥ፥ ቢሞቅና ቢያም ግን ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት እጅግ አደገኛ ነው። በጥልቁ ሥር የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል ይችላል። በጭሮም በገለምሶም ሆስፒታል አለ፤ እንዲህ ያለው በሽተኛ በዚያው ቀን ይመርመር፤ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ደረቱን ከወጋው ደግሞ ለአንድ አፍታም አይቆይ።