የማያገለግል የውኃ መከታተያ ጉድጓድ ለምን በፈቃድ ይደፈናል?



በካኩማ ካምፕ ዙሪያ ወይም በታራች ወንዝ ዳር ስትመላለሱ ከመሬት ጥቂት ብቅ ያለ፣ ክዳን ያለው ቀጭን ቧንቧ ብታዩ የተረሳ የውኃ መሥመር አይምሰላችሁ። ፓምፕ የለውም፤ ውኃም አይቀዳበትም። የከርሰ ምድር ውኃ መከታተያ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች ጫፉ ውኃ ሲነካ ድምፅ የሚሰጥ የሜትር ገመድ ወደ ውስጥ እየለቀቁ ውኃው ምን ያህል እንደ ራቀ የሚለኩት፣ ናሙናም ወስደው የጨውና የፍሎራይድ መጠኑን የሚመረምሩት በእንዲህ ያለው ጉድጓድ ነው።

ካምፓችን እ.ኤ.አ. በ1992 ከተመሠረተ ጀምሮ ኑሯችን በጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ላይ የቆመ ነው። ታራች የሚፈሰው ዝናብ ሲጥል ብቻ ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለው ውኃ የእኛም የቱርካና ጎረቤቶቻችንም የጋራ ጎተራ ነው። መከታተያ ጉድጓድ ይህን ጎተራ ይጠብቃል። ቧንቧው ሲበላሽ ወይም የተቆፈረበት ሥራ ሲያበቃ ግን ጠባቂው ራሱ ቀዳዳ ይሆናል። ጎርፍ የመጸዳጃ ቤትና የከብት እበት ያጠበውን ውኃ በአፈር ሳይጣራ በዚያ ቀዳዳ ቀጥታ ወደ ታች ያወርደዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ጉድጓድ መደፈን አለበት።

ሦስት ባለቤቶች

«መድፈን ከሆነ ፈቃድ ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱ በአንዱ ጉድጓድ ላይ ሦስት ባለ መብቶች መኖራቸው ነው።

የመጀመሪያው የመሬቱ ባለቤት ነው። መሬቱ የግል ከሆነ ስሙ በመዝገብ የሰፈረው ሰው ነው። የማኅበረሰብ መሬት ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኬንያ የማኅበረሰብ መሬት ሕግ ይመለከተዋል፤ ገና ያልተመዘገበ የማኅበረሰብ መሬት በካውንቲው መንግሥት አደራ የተያዘ ነው። ሁለተኛው የውኃው ባለቤት ነው። በዚያው ዓመት በወጣው የውኃ ሕግ መሠረት የአገሪቱ ውኃ በብሔራዊው መንግሥት እጅ ለሕዝቡ በአደራ ተይዟል፤ ሥራውንም የሚቆጣጠረው የውኃ ሀብት ባለሥልጣን ነው። ሦስተኛው ጉድጓዱን ያስቆፈረው ድርጅት ነው። አንዱ ሌላውን ሳያማክር ቢደፍን ጠብ ይነሳል፤ ጠቡም ለእኛ ይተርፋል።

ፈቃዱ ምን ይዞ ይጠየቃል?

1ኛ/ የጉድጓዱ ታሪክ። ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ የቧንቧው ስፋትና ሲቆፈር የተገኘው የአፈርና የድንጋይ ዓይነት ይሰበሰባል። በቅድሚያም ጉድጓዱ በእርግጥ የማያገለግል መሆኑ ይጣራል፤ በድርቅ ጊዜ የሚፈለግ የብዙ ዓመት ልኬት ያለበት ከሆነ መጠገኑ ይሻላል።

2ኛ/ የባለ መሬቱ ስምምነት በጽሑፍ። መኪናው የሚገባበት መንገድ፣ ሥራው የሚፈጀው ቀን፣ ጭቃው የሚደፋበት ቦታና አጥር ወይም ሰብል ቢጎዳ የሚከፈለው ካሣ ይገለጻል። ጽሑፉ ባለ መሬቱ በሚያውቀው ቋንቋ ይነበብለት። ሳይረዱት የተደረገ የጣት አሻራ ስምምነት አይባልም።

3ኛ/ ለባለሥልጣኑ የሚቀርብ ማመልከቻ። ምክንያቱ፣ የአደፋፈኑ ዘዴና የቦታው ካርታ ይያያዛል። መልስ ሳይመጣ ሥራ መጀመር አይገባም።

4ኛ/ የፍጻሜ ሪፖርት። ከሥራው በኋላ አንድ ቅጂ ለባለሥልጣኑ፣ አንድ ለባለ መሬቱ ይሰጣል።

አደፋፈኑስ?

አፈርና ድንጋይ መጨመር መድፈን አይደለም። ድንጋዩ መሐል ላይ ይሰነቀርና ከሥሩ ባዶ ቦታ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ ቀጭን ቱቦ እስከ ታች አውርዶ በውኃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ፣ ወይም ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ፣ ከታች ወደ ላይ መሙላት ነው። በመጨረሻ የቧንቧው አናት ከመሬት ወለል በታች ይቆረጥና በአፈር ይሸፈናል።

እኛ መምህራን ለተማሪዎቻችን እንደምናደርገው በሒሳብ እንየው። ውስጡ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውና 60 ሜትር የሚጠልቅ ቧንቧ 471 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይኸውም 24 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ሲበጠበጥ 40 ሊትር ገደማ ስለሚሆን፣ 12 ከረጢት ያህል ያስፈልጋል። ሦስት ከረጢት ብቻ ገብቶ «ተደፈነ» ከተባለ ባዶ ቦታ ቀርቷል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሲመጣ «ውኃችንን ሊዘጉ ነው» የሚል ወሬ አንቀበል። መከታተያ ጉድጓድ ለቦኖ ውኃ አይሰጥም፤ ቢደፈን ከጄሪካናችን የሚጎድል የለም። ነገር ግን ፈቃዱ መኖሩን በብሎክ መሪዎቻችን በኩል መጠየቅ መብታችን ነው።

ክዳኑን ለብረት ሽያጭ አንንቀል። ቆሻሻ አንጨምርበት፤ ልጆችም ድንጋይ እንዳይጥሉበት እንምከራቸው፤ የተዘጋ ቧንቧ ለመድፈን መጀመሪያ እንደገና መክፈት ያስፈልጋልና። ክዳኑ የወለቀ ቧንቧ ያየ ሰው በራሱ ከመነካካት ይልቅ ቦታውን ለውኃ ኮሚቴው ያስታውቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ጉዳዩ ከክረምቱ ጎርፍ በፊት ቢነገር ለሁላችንም ይበጃል።