ትዝታን የሚነጥቅ መርዝ

በተረት ዓለም አስማተኛ አውሬ አይጠፋም። እስቲ ከእነዚህ አውሬዎች መካከል መርዙ የሰውን ትዝታ የሚደመስስ አንዱን በሐሳባችን እንሳል። አውሬው የነደፈው ሰው አይሞትም፤ አይቆስልምም፤ ነገር ግን ስሙን፣ መንደሩንና ወላጆቹን ይረሳል። በአገራችንም «አፍዝ አደንግዝ» የተባለ፣ የሰውን ልብ ይሰውራል ተብሎ የሚታመን አስማት አለ። ለመሆኑ ትዝታን የሚነጥቅ መርዝ በእውኑ ዓለም ይገኛልን?

መርዝ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበን እባብ ነው። የእባብ መርዝ በአብዛኛው ከፕሮቲኖች የተሠራ ነው። የእፉኝት መርዝ የተነደፈውን አካል ያሳብጣል፤ ሥጋን ይጎዳል፤ ደምንም ሊያፈስስ ይችላል። የአንዳንድ የኮብራ ዝርያዎች መርዝ ደግሞ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ስለሚያቋርጥ፣ የተነደፈው ሰው የዓይኑ ቆብ ይወድቃል፤ መተንፈስም ይሳነዋል። ይሁን እንጂ በደምና በአንጎል መካከል ያለው የተፈጥሮ አጥር እነዚህን ትላልቅ ፕሮቲኖች በቀላሉ አያሳልፍም። ስለሆነም የእባብ መርዝ ሕይወትን ሊያጠፋ ይችላል እንጂ እንደ ተረቱ አውሬ ትዝታን አይፍቅም።

ትዝታን የሚነካው መርዝ የሚገኘው ከአውሬ አፍ ሳይሆን ከአንድ ተራ አረም ነው። ይህም አረም በአማርኛ «አስተናግር» ወይም «አጤ ፋሪስ» የሚባለው ነው። አስተናግር በመንገድ ዳር፣ በቆሻሻ መጣያና በእርሻ ውስጥ ይበቅላል። ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ወጣ ብሎ የበቆሎና የበርበሬ ማሳ ዳር ለሚሄድ ተማሪ እንግዳ ተክል አይደለም። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል፤ አበባው እንደ ጥሩምባ የረዘመና ነጭ ወይም ሐምራዊ ነው። እሾሃም የሆነው ፍሬው ሲደርቅ በአራት ይከፈልና በርካታ ጥቋቁር ዘሮችን ያፈስሳል።

የተክሉ ስም ራሱ ጠባዩን ይገልጣል። «አስተናግር» የወጣው «ተናገረ» ከሚለው ግሥ ሲሆን ትርጉሙም የሚያናግር፣ የሚያስለፈልፍ ማለት ነው። በእርግጥም ይህን ተክል የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፤ ቆዳው ይግላል፤ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ልቡም በፍጥነት ይመታል። ከዚያም በሌለ ሰው ፊት ያወራል፤ በአየር ላይ የሌለ ነገር ለመያዝ እጁን ይዘረጋል። ይህ ሁኔታ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ለዚህ ምክንያቱ በተክሉ ውስጥ የሚገኙት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። እነዚህ ከእባብ መርዝ ፕሮቲኖች እጅግ ያነሱ በመሆናቸው የአንጎልን አጥር ያልፋሉ። እዚያም አሴቲልኮሊን የተባለውን፣ አንጎል አዲስ ነገር ለመመዝገብ የሚጠቀምበትን መልእክተኛ ሥራ ያግዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1676 በሰሜን አሜሪካ፣ ጄምስታውን በተባለ ስፍራ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች የዚህን ተክል ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅለው በሉ። ታሪኩ እንደሚያስረዳው ለ11 ቀናት እንደ እብድ ሲያደርጋቸው ቆይተው ወደ ልቡናቸው ሲመለሱ፣ በእነዚያ ቀናት ከሆነው አንዱንም አላስታወሱም። ልብ እንበል፤ ወታደሮቹ ስማቸውንና አገራቸውን አልረሱም። የጠፋባቸው መርዙ በሰውነታቸው ውስጥ በነበረበት ጊዜ የሆነው ነው። በደብተር ብንመስለው፣ ቀድሞ የተጻፈው አልተፋቀም፤ ብዕሩ ቀለም ስላጣ አዲሱ ገጽ ባዶ ቀረ።

ይህን ከተረዳን በአገራችን ስለ «አብሾ» የሚነገረውን መመርመር እንችላለን። አብሾ በቀድሞ ዘመን አንዳንድ የቆሎ ተማሪዎች ትምህርት ያስይዛል ብለው የሚጠጡት ሲሆን፣ ከዚሁ ተክል ይዘጋጅ እንደነበር ይነገራል። ሰክሮ የሚያስቸግር ሰው «አብሾ አለበት» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የአስተናግር መርዝ አዲስ ትምህርት እንዳይመዘገብ የሚከለክል ነው። ስለዚህ ለፈተና ብሎ የሚወስደው ተማሪ የሚሻውን የማስታወስ ኀይል ያጣል፤ ሕይወቱንም ለአደጋ ያጋልጣል።

አደጋው ሳይታሰብም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኡጋንዳ የአስተናግር ዓይነት መርዝ የተቀላቀለበት የእርዳታ ዱቄት ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን አሳምሞ 5 ሰዎችን ገድሏል። ስለሆነም እህል ሲለቀም ጥቁሩን ዘር ለይቶ መጣል፣ ሕፃናትም በፍሬው እንዳይጫወቱ መከልከል ያሻል። የበላ ሰው ቢገኝ አስማት ነክቶታል ብሎ ጊዜ ማባከን አይገባም። እንዳይወድቅና ራሱን እንዳይጎዳ እየጠበቁ፣ የተክሉንም ቁራጭ ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

በሌላ በኩል አትሮፒን በሐኪም እጅ ተመጥኖ ሲሰጥ የአንዳንድ ፀረ ተባይ መድኃኒቶችን መርዝ ያከሽፋል። አንዱ ንጥረ ነገር መርዝም መድኃኒትም የሚሆነው በመጠኑና በሚሰጠው ሰው ዕውቀት ነው። የተረቱን አውሬ መፍራት አያሻንም፤ በደጃችን የበቀለውን አረም ማወቅ ግን ይገባናል።

መልመጃ

1. የእባብ መርዝና የአስተናግር መርዝ በአንጎል ላይ ያላቸውን ልዩነት በአንድ አንቀጽ አስረዱ።
2. ጸሐፊው ደብተርንና ብዕርን በምሳሌነት ያነሣው ለምንድን ነው?
3. «አፍዝ»፣ «አደንግዝ» እና «አስተናግር» ከየትኞቹ ግሦች እንደወጡ አመልክቱ።
4. በአካባቢያችሁ የሚበቅል አንድ ተክል መርጣችሁ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚገልጥ ድርሰት ጻፉ።