አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደ ፊት

ዛሬ የፖለቲካውን ወሬ ለባልደረቦቼ ትቼ ስለ ማርሽ ላጫውታችሁ ነው። «ሰውየውን ምን ነካው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስኪ ታገሱኝ።

በምንኖርበት በዚህ በባዕድ አገር ሰዎች አሮጌ ቮልስ ይገዙና ቆርቆሮውን ገፈው፣ ሻንሲውን ቆርጠው፣ ትልልቅ ጎማ አስረው በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚጋልቡበትን መኪና ጓሯቸው ውስጥ ይሠራሉ። መኪናው የመጀመሪያውን ዳገት ሲያገኝ ታዲያ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ ጎማው ግን ድንጋዩን አልወጣም ይላል። ባለቤቱም ወዲያው «ሞተሩ አቅም የለውም» ብሎ ይፈርዳል። ገንዘቡን ከስክሶ ትልቅ ሞተር ይገጥማል። በሚቀጥለው ጉዞ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰበራል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፤ ጉልበቱ መሬት የሚደርስበት መንገድ ነው።

ሒሳቡን እንየው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠራው ቮልስ 1200 ላይ የአንደኛ ማርሽ ምጥጥን 3.80፣ የዲፈረንሻሉ 4.375 ነው። ሁለቱ ሲባዙ 16.6 ይሆናል። ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 16.6 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በደቂቃ 900 ጊዜ ቢዞር፣ መኪናው በሰዓት 6.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህ ከፈጣን እግረኛ ይበልጣል። በድንጋይ መካከል ከዚያ ቀስ ብሎ መሄድ የሚፈልግ ሾፌር ያለው ምርጫ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦ ማንሸራተት ብቻ ነው። ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው።

መፍትሔው ማርሹን ማክበድ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋው ብዙ ሰው ያሳስታል። ፈረንጆቹ «ዝቅተኛ ማርሽ» ይሉታል፤ ቁጥሩ ግን ከፍ የሚል ነው። የእኛ ሾፌሮች «ከባድ ማርሽ» ማለታቸው ነገሩን በተሻለ ይገልጸዋል። ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም። ፍጥነትን ወስዶ በምትኩ መሳብን ይሰጣል። ከሁለት አንዱን እንጂ ሁለቱንም አይሰጥም።

ይህ ብልሃት አስገራሚ ታሪክ አለው። ቮልክስዋገን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የሂትለር መንግሥት ለጀርመን ሠራተኛ በ990 ማርክ መኪና አደርሳለሁ ብሎ ቃል ገባ። ቆጣቢው በየሳምንቱ የ5 ማርክ ቴምብር እየገዛ ደብተር ላይ ይለጥፋል። ወደ 336 ሺህ ሰዎች ለጠፉ። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው በግዳጅ የተጋዙ ሰዎችን ጉልበት ጭምር እየተጠቀመ ለሠራዊቱ ማምረት ያዘ። ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው በደብተሩ መኪና አልተረከበም። ከጦርነቱ በኋላ ዓመታት የፈጀው ክርክር በ1961 ሲቋጭ ያገኙት፣ አዲስ ቮልስ ለሚገዛ እስከ 600 ማርክ ቅናሽ፣ ለማይገዛ 100 ማርክ ነበር። በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢነት ዕድሜዬን ስለገፋሁ፣ የዚያን ዘመን የጀርመን ጋዜጦች የመጀመሪያ ገጽ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅተኝም።

ሕዝቡ ያላገኘውን መኪና ወታደሩ አገኘው። ሠራዊቱ አንድ ጥብቅ ጥያቄ ነበረው። መኪናው ጓዙን ተሸክሞ ከሚጓዝ እግረኛ ወታደር ጎን በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር መሄድ መቻል አለበት። የፈርዲናንድ ፖርሽ መሐንዲሶች ሞተሩን አላሳደጉም። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ዘንድ አንዳንድ ትንሽ የማርሽ ሳጥን አስቀመጡ። ሳጥኑ ዙሩን በ1.4 ገደማ ያካፍላል፣ የመሳብ ኃይሉን በዚያው ልክ ያባዛል። ዘንጉ ከጎማው መሐል ከፍ ብሎ ስለሚገባም የመኪናው ሆድ ከመሬት ይርቃል። ኩበልቫገን የተባለው ይህ መኪና ከ1940 ጀምሮ በብዛት ተመረተ። የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ሆኖ፣ 25 እንኳ በማይሞላ የፈረስ ጉልበት የሊቢያን አሸዋና የሩሲያን ጭቃ ተሻገረ።

ከጦርነቱ በኋላ ያው ብልሃት የዳቦና የወተት ማመላለሻ ሆነ። በ1950 ማምረት የተጀመረው የቮልስ ኮምቢ 25 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ወደ 750 ኪሎ የሚጭነው በእነዚሁ ሳጥኖች ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ በ1967 ሲያበቃ ሳጥኖቹም ቀሩ። አሮጌ ኮምቢዎች ሲጣሉ የካሊፎርኒያ ጓሮ ሠሪዎች ሳጥኖቹን ፈትተው ለመዝናኛ መኪናቸው ገጠሟቸው።

ታዲያ እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ማርሾች ጥርስ ለጥርስ ይገናኛሉ። ሁለት ማርሾች እንዲህ ሲገናኙ አንዱ ወደ ቀኝ ከዞረ ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ የኮምቢውን ሳጥን በተራ ቮልስ ካምቢዮ ላይ እንዳለ የገጠመ ሰው፣ አራት ማርሽ ወደ ኋላና አንድ ማርሽ ወደ ፊት ያለው መኪና ያገኛል። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጎማው አዲስ ነው። ሾፌሩ ብርቱ ነው። ነገር ግን ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ወደ ኋላ ይፈተለካል፤ አብልጦ ሲረግጥ አብልጦ ይመለሳል። የትኛውን አገር እንዳስታወሳችሁ አልጠይቅም።

መድኃኒቱ ሾፌር መቀየር አይደለም። ነዳጅ መጨመርም አይደለም። ካምቢዮውን ከፍቶ፣ ዲፈረንሻሉ ላይ ያለውን ትልቁን ክብ ማርሽ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዞር ነው። የኮምቢው ፋብሪካ ከመጀመሪያው ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሥራው ከባድና ቅባት የበዛበት ነው፤ ያለሱ ግን የተቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

መሥራት ለምትፈልጉ ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ማርሹን የምታከብዱበት ቦታ ወሳኝ ነው። መሬት ላይ የምትፈልጉትን ተጨማሪ መሳብ በዲፈረንሻሉ በኩል ካመጣችሁት፣ ጭነቱ ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ያርፋልና ዘንጉ ሊቆረጥ ይችላል። ጎማው ዘንድ ሲሆን ግን ጉልበቱ የሚባዛው ዘንጉን ካለፈ በኋላ ስለሆነ ዘንጉ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ይሸከማል። ሁለተኛ፣ ጎማ ስታሳድጉ ማርሹን እያቀለላችሁ መሆኑን አትርሱ። ቁመቱ 65 ሳንቲ ሜትር የነበረውን ጎማ በ78 ብትተኩ፣ በ1.26 ሳጥን ካገኛችሁት 26 በመቶ ጭማሪ የሚቀራችሁ 5 በመቶ ገደማ ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉም ሰው ይህን አያስፈልገውም። በ1964 ታዋቂውን ሜየርስ ማንክስ የሠራው ብሩስ ሜየርስ የመረጠው መንገድ ክብደት መቀነስ ነበር። በ1967 እሱና ጓደኛው በዚያው ቀላል መኪና የሜክሲኮን ባሃ ምድር ከላፓስ እስከ ቲኋና በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋረጡ። ሜዳ አሸዋ ላይ ለሚሮጥ ቀላል መኪና ይበቃል። ዳገትና ድንጋይ ላለበት ግን ከባድ ማርሽ የግድ ነው። ቁልቁለት ላይም ፍሬን ሳይግል ሞተሩ ራሱ የሚይዛችሁ በዚሁ ማርሽ ነው።

ዋጋው ምንድን ነው? ፍጥነት ነው። በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው ቮልስ በ1.26 ሳጥን፣ ሞተሩ በዚያው ዙር እያለ፣ 91 ገደማ ይሄዳል። አስፋልት ላይ ሁሉም ያልፈዋል። በአንደኛ ማርሽ ግን 6.5 የነበረው ዝቅተኛ ፍጥነቱ ወደ 5.2 ይወርዳል፤ በሰው እርምጃ ድንጋዩን እየለየ ይወጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባላችን ለዚህ መኪና የተነገረ ይመስላል።

እኛ ስደተኞች ዳገት በገጠመን ቁጥር ትልቅ ሞተር የመመኘት አመል አለን። ያለንን ትንሽ ሞተር መሬት ድረስ የሚያደርስ ማርሽ አለን ወይ? ካለንስ ወደየት አቅጣጫ ነው የተገጠመው? ነዳጅ ከመርገጣችን በፊት ብናየው አይከፋም።

ቸር ይግጠመን።