ኒሞዲፒን

ኒሞዲፒን በአንጎል ሽፋኖች መካከል ደም ለፈሰሰባቸው ሕሙማን የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የተሠራው በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ሲሆን፣ ካልሲየም ወደ ሕዋሳት እንዳይገባ ከሚያግዱ መድኃኒቶች ይመደባል። ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚታዘዙት ኒፈዲፒንና አምሎዲፒንም የዚሁ ወገን ናቸው።

ለምን ተሞከረ?

ይህ ዓይነቱ ደም መፍሰስ ከራስ ቅል ጉዳት ሌላ ዋና መነሻው በአንጎል የደም ቧንቧ ላይ የወጣ እብጠት (አኑሪዝም) መፈንዳት ነው። ድንገተኛና እጅግ ከባድ ራስ ምታት ዋና ምልክቱ ነው። ከመጀመሪያው ፍሰት የተረፈ ሕመምተኛም ገና ከአደጋ አልወጣም። ከ3ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ የአንጎል የደም ቧንቧዎች ሊኮማተሩ ይችላሉ። ያን ጊዜ በቂ ደም ያላገኘው የአንጎል ክፍል ይሞታል፤ ሕመምተኛውም ሽባ ሊሆን ወይም ሊሞት ይችላል።

የደም ቧንቧ ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ሲገባበት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች የካልሲየምን መግቢያ መዝጋት መኮማተሩን ይከላከላል ብለው አሰቡ።

ሙከራዎቹ

በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ኒሞዲፒን ከወሰዱ 56 ሕሙማን መካከል በመኮማተር ምክንያት ለከባድ ጉዳት ወይም ለሞት የተዳረገው 1 ብቻ ነበር። መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ (ፕላሴቦ) ከወሰዱት 60 ሕሙማን ግን 8ቱ ተጎድተዋል።

በ1989 እ.ኤ.አ. የታተመው የብሪታንያ ሙከራ 554 ሕሙማንን አካቷል። ሕሙማኑ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ኒሞዲፒን፣ ግማሾቹ ፕላሴቦ በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀናት ወሰዱ። ከ3 ወር በኋላ ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የተዳረጉት ፕላሴቦ ከወሰዱት 33 በመቶ፣ ኒሞዲፒን ከወሰዱት ግን 20 በመቶ ነበሩ።

እንዴት ይሠራል?

ሕሙማኑ ቢሻላቸውም፣ በደም ቧንቧ ምርመራ ምስሎች ላይ ትላልቆቹ ቧንቧዎች መኮማተራቸው በግልጽ አልቀነሰም። ስለዚህ መድኃኒቱ በምስል የማይታዩ ጥቃቅን የደም ቧንቧዎችን እንደሚከፍት ወይም የነርቭ ሕዋሳትን በቀጥታ ከጉዳት እንደሚጠብቅ ይገመታል። ጥቅሙ የታወቀው የምስል ለውጥ ብቻ ሳይሆን የሕሙማኑ የመጨረሻ ሁኔታ ስለተለካ ነው።

ገደቡና ጥንቃቄው

ኒሞዲፒን የፈነዳውን ቧንቧ አይዘጋም፤ ይህ በቀዶ ሕክምና ወይም በቧንቧው ውስጥ በሚደረግ ሕክምና ይከናወናል። በአንጎል ሥጋ ውስጥ ለሚፈስ ደምም ጥቅሙ አልተረጋገጠም። የደም ግፊትን ከመጠን በላይ ሊያወርድ ስለሚችል በሐኪም ክትትል ይሰጣል። ለመዋጥ የተዘጋጀውን እንክብል ቀድቶ በደም ሥር መስጠት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።